በረንዳም ክፍል ነው፦ የትክል ድንጋይን አሮጌ ቤቶች ስለ ማደስ

ከጎንደር ወደ ሳንጃ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ትክል ድንጋይ፣ እንደ አካባቢው ከተሞች ሁሉ፣ በእንጨትና በጭቃ ተሠርተው ቆርቆሮ የለበሱ ቤቶች አሏት። እንዲህ ያለ ቤት ሲታደስ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠፋው በረንዳው ነው፤ በብሎኬት ተዘግቶ ተጨማሪ ክፍል ይሆናል። የኪራይ ገቢና የስርቆት ስጋት ሲታሰብ ውሳኔው ምክንያት የለውም አይባልም። ሆኖም በረንዳን እንደ ትርፍ ቦታ መቁጠር ስሕተት ነው። ቡና የሚፈላው፣ ጥጥ የሚፈተለው፣ እህል የሚለቀመው፣ ለቅሶ ደራሽ የሚቀመጠው በዚያ ነው።

የአካባቢው የፀሐይ አካሄድም በረንዳን ይደግፋል። ጎንደርና ዙሪያዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ይገኛሉ። ስለዚህ ሙቀት በሚበረታበት በሚያዝያ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ በአናት ላይ ታልፋለች፤ ከግድግዳው ወጣ ያለ ጣሪያ በቂ ጥላ ይሰጣል። በታኅሣሥ ብርድ ግን የቀትር ፀሐይ ከአድማስ 54 ዲግሪ ያህል ከፍታ ላይ ሆና ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ወደ ደቡብ የዞረ በረንዳ ወለሉ ድረስ ይሞቃል። በክረምት ደግሞ ያው ጣሪያ ዝናቡን ከጭቃው ግድግዳ ያርቃል። በረንዳው ሲዘጋ ከበስተኋላው ያለው ክፍል ብርሃንም ነፋስም ያጣል።

ሁለተኛው ጉዳት የሲሚንቶ ልስን ነው። የጭቃ ግድግዳ እርጥበት ስቦ መልሶ ያስወጣል፤ በሲሚንቶ ሲለሰን እርጥበቱ ይታፈናል፣ ልስኑ ይላቀቃል፣ ማገሩም ይበሰብሳል። ጎንደር ይህን በራሷ ግንቦች ላይ አይታዋለች። በጣሊያን ወረራ ዘመን በሲሚንቶና በአርማታ የተጠገኑት የፋሲል ግቢ ሕንፃዎች፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በተደረገው እድሳት ጥንት በተሠሩበት ኖራ እንደገና ተጠግነዋል። ለነገሥታት ግንብ የተደረገው ጥንቃቄ ለጭቃ ቤትም ይገባዋል።

አቅሙ ውስን የሆነ ባለቤት ከጣሪያው ቢጀምር ይበጃል፤ ጠርዙን ማስረዘምና አሸንዳ መግጠም ይቀድማል። ቀጥሎ የግድግዳውን ሥር በድንጋይ መደገፍ፣ የተሰነጠቀውን በጭድ በቦካ ጭቃ መምረግ፣ በበረንዳው ላይ መደብ መሥራት ይከተላል። ስርቆት የሚያሰጋ ከሆነ ፍርግርግ ከግንብ ይሻላል፤ ነፋስና ብርሃን ያሳልፋልና። የኪራይ ክፍል የግድ ካስፈለገ፣ ቦታ እስካለ ድረስ ከጓሮ በኩል ይሠራ።

የከተማ አስተዳደሮችም የእድሳት ፈቃድ ሲሰጡ በረንዳን ከመኖሪያ ክፍሎች አንዱ አድርገው ቢቆጥሩት፣ ብዙ ቤተሰብ ሳያውቀው ከሚያጣው ምርጥ ክፍሉ ጋር ይቆያል።