የሶማሌ ተራ ልጅ ስንት ነጥብ ያገኛል?

ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ሱቆች ጀርባ፣ ዘይት ጠጥቶ በጠቆረው መሬት ላይ ተንበርክከው ካምቢዮ ከሚያወርዱት ልጆች መሐል ስለ ውጭ አገር የማይወራበት ቀን ያለ አይመስለኝም። የወሬው ዓይነት ግን ተለውጧል። ድሮ ጥያቄው «ዲቪ ሞላህ?» ነበር፤ ለወጣለት እንኳን ደስ ያለህ፣ ላልወጣለት ለከርሞ ይባል ነበር። አሁን የሚሰማው «ስንት ነጥብ አለህ?» ነው። ዕጣ ሰውን አይመዝንም፤ ነጥብ ግን ይመዝናል። ተመዝኖ ቀለለ የተባለ ሰው ደግሞ ምን እንደጎደለው ማወቅ ይፈልጋል። ጉድለቱ ከልጆቹ እጅ አይደለም ብዬ ስለማምን ነው ይህን የምጽፈው።

የውጭ አገር አመልካችን በነጥብ የመምረጥ ሥርዓቱን የጀመረችው ካናዳ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1967። ከዚያ በፊት ለረጅም ዘመን የአመልካቹ ዘርና የትውልድ አገር ብዙ ነገር ይወስኑ ነበርና፣ ዕድሜን፣ ትምህርትን፣ ቋንቋንና የሥራ ልምድን በቁጥር መመዘን ለእኛ ዓይነቱ አገር ሰው በር የከፈተ እርምጃ ነበር። ይህ ሊዘነጋ አይገባም። በኋላ አውስትራሊያ ተከተለች፤ ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች በኋላ በ2021 የራሷን አቆመች፤ ጀርመን በሰኔ 2024 «የዕድል ካርድ» የምትለውን ጀመረች። ብዙ ወገኖቻችን የሚሄዱባት ሳዑዲ ዓረቢያ ሳትቀር እ.ኤ.አ. በ2025 የውጭ ሠራተኞችን የሥራ ፈቃድ በክህሎት ደረጃ መከፋፈል ጀምራለች። ነገሩ የካናዳ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል ማለት ነው።

እስቲ ሠላሳ ዓመት የሞላው አንድ መካኒክ እናስብ። በአሥራ አምስት ዓመቱ ጋራዥ ገባ። መጀመሪያ ብሎን በቤንዚን እያጠበ፣ ካቻቢቴ እያቀበለ፣ ሻይ እየተላከ ከረመ። ከዚያ የፍሬን ሸራ መቀየር ተፈቀደለት፤ ቀጥሎ ፍሪሲዮን፤ ከዓመታት በኋላ ሞተር አውርዶ፣ ፋሻ ቀይሮ፣ መልሶ ገጥሞ የሚያስነሳ ሆነ። የቶዮታን ሞተር ድምፁን ሰምቶ ችግሩን ይናገራል። መለዋወጫ ሲጠፋ ከሌላ መኪና የተፈታውን አስተካክሎ ይገጥማል። ማታ ማታ እየተማረ 12ኛ ክፍልን ጨርሷል። እንግሊዝኛም አጥንቷል እንበል።

በካናዳ የፌዴራል የሠለጠነ ሠራተኛ መርሐ ግብር ይህ ሰው ከ100 ነጥብ 67 ማምጣት አለበት። ለዕድሜው 12 ከ12 ያገኛል። ለልምዱ 15 ከ15 ያገኛል፤ ስድስት ዓመትና ከዚያ በላይ የሠራ ሁሉ የሚያገኘው ሙሉ ነጥብ ነው። ለእንግሊዝኛው ዝቅተኛውን መስፈርት ካሟላ 16፣ እጅግ ጎበዝ ከሆነ 24። ለትምህርቱ፣ የ12ኛ ክፍል ማስረጃው በካናዳ ደረጃ ተገምግሞ ከጸደቀለት፣ 5። ሲደመር ከ48 እስከ 56 ነው። እንግሊዝኛው ምንም ያህል ቢያምር፣ ዘመድ ወይም የተዘጋጀ የሥራ ቅጥር እዚያ ከሌለው፣ 67 አይደርስም። በአንጻሩ በዚያው ዕድሜ፣ በዚያው ከፍተኛ እንግሊዝኛ፣ ባለ መጀመሪያ ዲግሪ ሆኖ ሁለት ዓመት ቢሮ የሠራ ጓደኛው 21፣ 11፣ 12 እና 24 ተደምሮለት 68 ያገኛል። አሥራ አምስት ዓመት ሞተር የፈታው ሰው ወድቆ ሁለት ዓመት ወንበር ላይ የተቀመጠው አለፈ። ያለፈውም ቢሆን ገና ከሌሎች አመልካቾች ጋር ተወዳድሮ ጥሪ እስኪደርሰው ይጠብቃል፤ 67ቱ የመግቢያ ደፍ ብቻ ነው።

የባለ ዲግሪውን ልፋት ማሳነሴ አይደለም። ሆኖም ዲግሪ የሚገኝበት መንገድ በእኛ አገር ምን ያህል እንደጠበበ ማየት ያስፈልጋል። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። የቀሩት ልጆች የት ይሄዳሉ? ከነሱ ብዙዎቹ ጋራዥ፣ ብየዳ ቤት፣ ቶርኖ ቤት ይገባሉ። እጃቸውን ይዘው እዚያ ይማራሉ።

ለእጅ ባለሙያ የተለየ በር የለም ወይ? አለ። ካናዳ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የሙያተኞች መርሐ ግብር አላት፤ የመኪና መካኒክም ይካተትበታል። የትምህርት ደረጃ አይጠይቅም፤ የሚፈልገው እንግሊዝኛም ከላይኛው ያነሰ ነው። በልምድ በኩል ባለፉት አምስት ዓመታት ውስጥ ሁለት ዓመት በሙያው የሠራ መሆኑን ማስረዳት በቂ ነው። ከዚህ ሌላ ግን ወይ የአንድ ዓመት የሥራ ቅጥር፣ ወይ ከካናዳ ክፍለ ግዛት የተሰጠ የሙያ ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ከ2023 ጀምሮም ለአናጺ፣ ለቧንቧ ሠራተኛ፣ ለበያጅና ለመሳሰሉት የተለየ የጥሪ ዙር ማካሄድ ጀምራለች። አገሪቱ እጅ ትፈልጋለች፤ ይህ ግልጽ ነው። የእኛ ልጆች የሚቸገሩት እጃቸውን ማስመስከር ላይ ነው።

ከነዚህ ልጆች አንዱ ስልኩን አውጥቶ፣ «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ያንብቡልኝ» ብሎኝ ነበር። የሚያስፈልጉ ሰነዶች ዝርዝር ነው። የሥራ ልምድ ደብዳቤ፤ ድርጅቱ ስሙና አድራሻው ባለበት ወረቀት የተጻፈ፣ የተፈረመበት፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ በስንት ደመወዝ፣ ምን ምን ተግባር ያከናውን እንደነበር የሚገልጽ። ሳነብለት ዝም ብሎ ቆየና፣ «ጋሼ፣ እኔ እኮ ደመወዝ የለኝም። በቀን ነው፤ አንዳንዴም በሥራው ልክ ነው። አለቃዬም ማኅተም የለውም» አለኝ። የሠራቸውን ሥራዎች ሲዘረዝርልኝ ግን በጥያቄው ከተጠየቀው በላይ ነበር። አንዱም ተጽፎ የተቀመጠበት ቦታ የለም።

ልቤን የነካው ይህ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 715/2003 ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ይህ ልጅ ሥራ በገባበት ቀን የጡረታ መለያ ቁጥር ወጥቶለት ቢሆን ኖሮ፣ የሠራበትን እያንዳንዱን ወር መንግሥት ራሱ ይመሰክርለት ነበር። የሥራ ግብር ተከፍሎለት ቢሆን እንደዚሁ። በሕጉ የሚገባውን መብት አለማግኘቱ እዚህ አገር ጡረታውን ያሳጣዋል፤ ውጭ ደግሞ ነጥቡን።

ጀርመንን ልብ እንበል። በጀርመን ትልቁ የሙያ ትምህርት የሚሰጠው ከመምህር እጅ ሥር ነው። ልጁ ጋራዥ ይገባል፣ ከባለሙያው ጋር እየሠራ ይማራል፣ ከሳምንቱም የተወሰነውን ጊዜ ትምህርት ቤት ይውላል። ሶማሌ ተራ ከሚደረገው በመሠረቱ ብዙ አይለይም። የሚለየው፣ እዚያ ልጁ ሲገባ ውል ይፈረማል፤ ውሉ በሙያ ምክር ቤቱ ይመዘገባል፤ ሲጨርስ ምክር ቤቱ ይፈትነዋል፣ ወረቀቱንም ይሰጠዋል። ስለዚህም «የዕድል ካርድ» የሚፈልገውን የውጭ ሰው ጀርመን የምትጠይቀው በለመደችው መንገድ ነው፤ ዲግሪ ካልሆነ ቢያንስ ሁለት ዓመት የፈጀና በአገርህ መንግሥት የታወቀ የሙያ ሥልጠና። ያ ካለ በኋላ ነው ቋንቋው፣ ዕድሜውና ልምዱ ተቆጥሮ 6 ነጥብ የሚፈለገው። የእኛ ልጅ ነጥብ ከሚቆጠርበት መስመር በፊት ይቀራል።

እኛም ሕግና ስትራቴጂ አላጣንም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና ስትራቴጂ፣ ሰው ሙያውን በመደበኛ ትምህርት ቤትም ይማረው በሥራ ላይ፣ ተመዝኖ ብቃቱ ከተረጋገጠ ዕውቅና ያገኛል የሚል ነው። ሰዉ በአጭሩ ሲኦሲ የሚለው የሙያ ብቃት ምዘና የመጣው ከዚሁ ነው። በ2014 ዓ.ም. የተቋቋመው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴርም ስሙ ራሱ ኃላፊነቱን ይናገራል። ተግባረ ዕድን የመሰለ፣ በ1934 ዓ.ም. የተመሠረተ የሙያ ትምህርት ቤት ያላት ከተማ ናት አዲስ አበባ። እውቀቱ አለ። የጎደለው ምዘናው ወደ ሠራተኛው መሄዱ ነው።

የቀን ገቢ ያለው ሰው ለምዝገባ አንድ ቀን፣ ለጽሑፍ ፈተና ሌላ ቀን፣ ለተግባር ፈተና ሌላ ቀን ከሥራ ሲቀር የቤት ኪራዩ ይጎድላል። መዛኞቹ ግን በዓመት ጥቂት ሳምንት ሶማሌ ተራ ቢቀመጡ፣ የተግባሩን ፈተና ልጁ በሚሠራበት መኪና ላይ ቢያዩት፣ የጽሑፉንም በሚገባው አማርኛና በለመዳቸው የሥራ ቃላት ቢጠይቁት፣ ስንት ሰው ወረቀት ይዞ ይወጣ ነበር! ኬንያ «ጁዋ ካሊ» ለሚባሉት የኢመደበኛ ዘርፍ ሠራተኞቿ የልምድ ዕውቅና ፖሊሲ አውጥታለች። ጀርመን ራሷ እንኳ ከጥር 2025 ጀምሮ ወረቀት ሳይኖራቸው ለብዙ ዓመት የሠሩ ሰዎች ልምዳቸው እንዲመዘን በሕግ ፈቅዳለች።

ለልጆቹ እውነቱን መናገር ይገባኛል፤ ሲኦሲ ብቻውን ካናዳም ጀርመንም አያስገባም። ገንዘቡም አለ፤ ቀድሞ የተዘጋጀ ሥራ የሌለው ላጤ አመልካች እ.ኤ.አ. በ2025 ካናዳ ገብቶ የሚኖርበት ከ15,000 የካናዳ ዶላር በላይ በባንክ ማሳየት ነበረበት። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ለውጥ በኋላ ይህ በብር ምን ያህል እንዳሻቀበ የሚቆጥብ ሁሉ ያውቀዋል። ብሪታንያም በሐምሌ 2025 ደረጃዋን ወደ ዲግሪ ከፍ አድርጋ ለብዙ የእጅ ሙያዎች በሩን አጥብባለች። ስለዚህ «እኔ ነጥብህን እሞላልሃለሁ» ብሎ የሐሰት የልምድ ደብዳቤ የሚሸጥ ደላላ ሲመጣ ልጆቹ እንዳይሰሙት እለምናለሁ። ካናዳ የተጭበረበረ ሰነድ ያገኘችበትን አመልካች ለአምስት ዓመት ትከለክላለች። እውነተኛ ሙያ ያለው ሰው በሐሰት ወረቀት ሲጠፋ ማየት እጅግ ያሳዝናል።

«ወረቀት ብንሰጣቸው ይሄዱብናል» የሚል ይኖራል። ወረቀት ሳንሰጣቸውስ መቼ ቀሩ? በሞያሌ ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ በጂቡቲ በኦቦክ በኩል ባሕር ተሻግረው ወደ የመንና ሳዑዲ የሚሄዱት ወጣቶች ነጥብ ተቆጥሮላቸው አይደለም። ወረቀቱ ለሚቀረውም ያስፈልገዋል። የራሱን ጋራዥ በደረጃ ሊያስፈቅድ የሚፈልግ የባለሙያ ማስረጃ ይጠየቃል። ከዚህም ሌላ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ኤሌክትሪክ መኪና ፋሻም ፍሪሲዮንም የለውም። ዛሬ በሶማሌ ተራ የሚሠራው ልጅ ነገ አዲስ ሥልጠና መግባቱ አይቀርም፤ ያኔ እስካሁን የሚያውቀው ተጽፎ ካልተያዘለት ከማያውቅ ሰው እኩል ከዜሮ ይጀምራል።

መንግሥት የሚያደርገው ብዙ ነው፤ ቢሆንም ፈቃድ ያላቸው የጋራዥ ባለቤቶች ዛሬውኑ የሚያደርጉት አለ። ልጁ የገባበትን ቀን፣ የሚሠራውን ሥራ ዓይነት፣ የሚከፈለውን ገንዘብ በደብተር ይመዝግቡ፤ በየዓመቱ መጨረሻ አንድ ገጽ ደብዳቤ ፈርመውና ማኅተም አድርገው ይስጡት፤ ጡረታውንም ያስመዝግቡለት። ካናዳ ከ36 ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ ከዕድሜ አንድ ነጥብ ትቀንሳለች፤ 47 ሲሞላ ለዕድሜ የሚሰጥ ነጥብ የለም። ዛሬ 35 ዓመቱ የሆነ መካኒክ ደብዳቤውን ለከርሞ ጠብቅ ሲባል ከነጥቡ እየተቀነሰበት ነው።