የፊደል መልክና የጽሕፈት ሥራ

የጽሕፈት መኪና በኮምፒዩተር ከተተካ ወዲህ የፊደልን መልክ፣ በዘመኑ አጠራር ፎንትን፣ መምረጥ እንደ ከረባት ምርጫ ተቆጥሯል። ነገሩ ግን ከጌጥ ያለፈ ነው እንላለን።

አንድ የሰቆጣ ወጣት ሹም ሪፖርቱን በቀድሞው ፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ ጽፎ ወደ ባሕር ዳር ቢልክ፣ ተቀባዩ ያው ፎንት ከሌለው የሚያየው አማርኛ ሳይሆን የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ነው። እነዚያ ፎንቶች የግዕዙን መልክ የተከሉት ለላቲን በተመደበው ቁጥር ላይ ነበርና። ዩኒኮድ በ1999 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለፊደላችን የራሱን ቁጥር ሰጥቶታል፤ እንግዲህ ከስንፍናችን በቀር ምን ምክንያት ቀረልን?

በዋግ ኽምራ ደግሞ ጉዳዩ ይከብዳል። ኽምጣኛ፣ አማርኛ ለብቻው ፊደል ያላበጀለት፣ ከአፍንጫ የሚወጣ ድምፅ አለው፤ ለዚህ ዓይነቱ ድምፅ ቢለን በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ጘ ያገለግላል። ፎንቱ እንዲህ ያለውን ፊደል ካልያዘ በቦታው ባዶ ሣጥን ይቆማል። ሕፃን ልጅ ሣጥኑን ምን ብሎ ያንብበው?

የመመረቂያ ጽሑፉን በላቴክ የሚያሰናዳ ተማሪ ዚላቴክን ወይም ሉዋላቴክን ቢይዝ የዩኒኮድ ፎንት በቀጥታ ይሠራለታል። ቃል ለማጉላት ብሎ ግን ፊደሉን ባያጋድመው እንወዳለን፤ የብራና ጸሐፊዎቻችን የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም ለዩ እንጂ ፊደል አላጋደሙም።

ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ያለ ክፍያ ይገኛሉ፤ ጘንም ይዘዋል። ሰነዱ በፒዲኤፍ ሲላክ ፎንቱ አብሮ መታሸጉን ከመላክ በፊት መመልከት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።