ርቀት የሚለካው ቀስትና የገበያው አጥር

እ.ኤ.አ. በ2018 ጋርሚን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለቀስት አዳኞች አንድ አዲስ ዕቃ ገበያ ላይ አዋለ። ዕቃው በቀስት ላይ የሚገጠም ኤሌክትሮኒክ ማነጣጠሪያ ነው። ሲወጣ ዋጋው 800 ዶላር ነበር፤ ከፍ ያለው ዓይነት ደግሞ 1 ሺህ ዶላር። ተራው ማነጣጠሪያ 100 ዶላር ባልሞላ ዋጋ በሚገኝበት ገበያ ስምንትና አሥር እጥፍ የሚከፍል ሰው በልዩነቱ ምን ይገዛል? ርቀትን ይገዛል። በትክክል ለመናገር፣ ርቀትን አለመሳሳትን ይገዛል።

ለአገራችን ነጋዴ ሸቀጡ ሩቅ ነው። ገበያውን የሚከፍተውና የሚዘጋው ነገር ግን ለማንኛውም አስመጪ እንግዳ አይደለም፤ መመሪያ ነው።

ፍላጻ ጥይት አይደለም። በሁለት ጫፎቹ መዘውር የተገጠመለት ዘመናዊ ቀስት፣ ኮምፓውንድ የሚባለው፣ ፍላጻውን በሴኮንድ 85 ሜትር ገደማ ያስወነጭፋል። የጠመንጃ ጥይት ከዚህ አሥር እጥፍ ያህል ይፈጥናል። ስለዚህ ፍላጻ በጉዞው ላይ ብዙ ይወርዳል። አዳኙ 35 ሜትር ላይ ነው ብሎ የገመተው አጋዘን በእርግጥ 40 ሜትር ላይ ቆሞ ከሆነ፣ የአየሩን ተቃውሞ ሳንቆጥር እንኳ ፍላጻው ከታለመበት 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ያርፋል። የአጋዘን ልብና ሳንባ የሚገኝበት ክብ ከዳር እስከ ዳር ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ነው። መሃሉን ያነጣጠረ ሰው በ13 ሴንቲ ሜትር ከሳተ እንስሳው ወይ ያመልጣል፣ ወይ ቆስሎ ጫካ ይገባል። ያው የአምስት ሜትር ስሕተት በ20 ሜትር ላይ ቢፈጸም ጉድለቱ 7 ሴንቲ ሜትር ብቻ በሆነ ነበር።

በተራው ማነጣጠሪያ ላይ አንዱ ለ20፣ ሌላው ለ30፣ ሌላው ለ40 ያርድ የተስተካከሉ መርፌዎች ተደርድረዋል። የመካከሉን አዳኙ በግምት ይሞላል። በአዲሱ ግን አውታሩን እንደ ሳበ በጣቱ ቁልፍ ይጫናል፤ ሌዘር ደርሶ ይመለሳል፤ መሣሪያው ርቀቱን ይለካል። አዳኙ ዛፍ ላይ ወጥቶ ቁልቁል የሚያነጣጥርም ከሆነ ዘንበል ያለበትን ማዕዘን ጭምር ያሰላና በመስተዋቱ ላይ አንዲት የብርሃን ነጥብ ያበራለታል። ነጥቧን እንስሳው ላይ ማሳረፍ ብቻ ነው የሚቀረው።

እንዲህ ያለ ዕቃ እንደ ትኩስ ዳቦ ሊሸጥ ይገባው ነበር። ይሁንና አይዳሆና ሞንታናን የመሳሰሉ ግዛቶች በቀስት ላይ የሚገጠም ኤሌክትሮኒክ ማነጣጠሪያን በቀስት አደን ወቅት ይከለክላሉ። በቀስት የተገደሉ ትላልቅ እንስሳትን መጠን የሚመዘግበው ፖፕ ኤንድ ያንግ ክለብም ዕቃው ገበያ ላይ በዋለበት ጊዜ በእንዲህ ዓይነት መሣሪያ የተገደለውን በመዝገቡ አያሰፍርም ነበር። ይህ ለሻጩ ቀላል ጉዳት አልነበረም። ለአንድ ማነጣጠሪያ 1 ሺህ ዶላር ለማውጣት የማያመነታው ደንበኛ ብዙውን ጊዜ ስሙ በመዝገብ እንዲሰፍር የሚፈልገው ነውና።

ክልከላውን የሚቃወሙ ወገኖች አንድ ጠንካራ መከራከሪያ አላቸው። አዳኙ ኪሱ ውስጥ በሌዘር የሚሠራ ርቀት መለኪያ ይዞ እንዲሄድ ይፈቀድለታል። ያው መለኪያ ከኪስ ወጥቶ ቀስቱ ላይ ሲገጠም ሕገ ወጥ ይሆናል። መረጃው አንድ ከሆነ ልዩነቱ የቱ ላይ ነው?

በዚህ ጸሐፊ እምነት ልዩነቱ ጊዜው ላይ ነው። የኪሱ መለኪያ የሚሠራው አውታሩ ከመሳቡ በፊት ነው። አዳኙ ለክቶ፣ መለኪያውን መልሶ፣ ቀስቱን እስኪስብ እንስሳው አምስት ሜትር ሊራመድ ይችላል፤ የያዘው ቁጥርም ያረጃል። ቀስቱ ላይ የተገጠመው ግን በመጨረሻዋ ቅጽበት አዲስ ቁጥር ይሰጣል። በገበያ ቋንቋ፣ አንዱ የትናንቱን ዋጋ የያዘ ደላላ ነው፣ ሌላው የአሁኑን።

ይህች ጥቂት ሴኮንድ ለምን ሕግ አስወጣች? በአሜሪካ የቀስት አደን ወቅት ከጠመንጃው ቀድሞ ይከፈታል፤ በብዙ ቦታም ይረዝማል። ምዕራብ ባሉት ግዛቶች ኤልክ የሚባለው ትልቅ አጋዘን ለድሪያ ሲጮህ የሚታደንበት የሴፕቴምበር ወር በአብዛኛው ለቀስተኛ የተሰጠ ነው። ይህ ችሮታ የተገኘው ቀስተኛ ብዙ ስለማይገድል ነው። ረጅሙ ወቅት እንግዲህ የሁሉም ቀስተኞች የጋራ ሀብት ነው፤ ዋጋው የተከፈለውም በመሣሪያው ድክመት ነው። አንዱ አዳኝ ኤሌክትሮኒኩን ቢገዛ እሱ ይጠቀማል፤ ወቅቱም አይነካም። ሁሉም ቢገዙ ግን የሚገደለው ቁጥር ይወጣል፣ የዱር እንስሳት ኮሚሲዮኖችም ወቅቱን ለማሳጠር ወይም ፈቃዱን ለመቀነስ ይገደዳሉ። እያንዳንዱ በ1 ሺህ ዶላር የገዛው ብልጫ ለሁሉም ሲዳረስ ብልጫነቱ ይቀራል፤ የጠፋው ወቅት ግን አይመለስም። በጋራ ግጦሽ ላይ ከብት እንደ መጨመር ነው። ስለዚህ የከለከሉት ግዛቶች ልክ ናቸው እላለሁ።

አምራቾች በበኩላቸው መሣሪያው የሚቆስሉ እንስሳትን ቁጥር ይቀንሳል ይላሉ። አዳኙ በፊት ከሚተኩስበት ርቀት ሳያልፍ ቢቀር እውነት በሆነ ነበር። የቺካጎው የኤኮኖሚ ሊቅ ሳም ፔልትስማን እ.ኤ.አ. በ1975 ስለ መኪና ደኅንነት ደንቦች ባሳተመው ጥናት፣ ሰው ጥበቃው ሲጨምርለት ድፍረቱም ይጨምራል የሚል ክርክር አቅርቧል። በቁጥሮቹ ላይ ብዙ ተነታርከውበታል። ሐሳቡ ግን ለቀስተኛው ልክ ይመጣል፤ በ30 ሜትር ይወሰን የነበረው ሰው የበራችለትን ነጥብ አምኖ 60 ሜትር ላይ ይለቃል። በ60 ሜትር ፍላጻው ለመድረስ 0.7 ሴኮንድ ይፈጅበታል፤ የአውታሩ ድምፅ ግን በ0.2 ሴኮንድ ውስጥ ይደርሳል። የቀረው ግማሽ ሴኮንድ የደነገጠ አጋዘን ጎንበስ ብሎ ለመስፈንጠር ይበቃዋል። ይህን የትኛውም ሌዘር አይለካም።

የዒላማ ስፖርቱም ቢሆን ለሻጩ መሸሸጊያ አይሆንም። የዓለም ቀስት ፌዴሬሽን በቀስት ላይ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ መግጠምን ይከለክላል። የኮምፓውንድ ቀስት ድብልቅ ቡድን ውድድር በ2028ቱ የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ መካተቱ ለቀስት ነጋዴዎች መልካም ዜና ነው፤ ለዚህ ዕቃ ግን አይደለም። ኮምፓውንዱ ሜዳ ላይ የሚወዳደረው በታወቀ 50 ሜትር ስለሆነ የሚለካ ነገር የለም። መለኪያው በጠቀመ ነበር የሚባለው ርቀቱ በማይነገርበት የጫካ ውድድር ነው፤ እዚያ ደግሞ ርቀቱን በዓይን መገመት የውድድሩ አንዱ ክፍል ነው።

የአሜሪካ መንግሥት ከሁለቱም ዓይነት ማነጣጠሪያ ይጠቀማል። እ.ኤ.አ. በ1937 በወጣው የፒትማን-ሮበርትሰን ሕግ መሠረት አምራቹ ወይም አስመጪው በቀስትና በመለዋወጫው ሽያጭ ላይ 11 በመቶ ኤክሳይስ ይከፍላል፤ ቀስት በዚህ ታክስ ሥር የገባው በ1970ዎቹ ነው። ገንዘቡ ለግዛቶቹ የዱር እንስሳት ጥበቃ ይውላል። ውድ ማነጣጠሪያ በተሸጠ ቁጥር የከለከለው ግዛት ሳይቀር የድርሻውን ያገኛል ማለት ነው።

ለቸርቻሪው የቀረው ገበያ የተቆራረጠ ነው። ኤሌክትሮኒኩ ከተፈቀደበት ግዛት ተነሥቶ ለኤልክ አደን ወደ ሞንታና የሚሄድ ደንበኛ ማነጣጠሪያውን ፈትቶ ተራውን መግጠም አለበት። ብልህ ባለሱቅ ውዱን ሲሸጥለት ርካሹንም አብሮ ያቀርብለታል፤ የሚያዋጣው ትርፍም ከሁለተኛው ሊሆን ይችላል።