ቤቱን ምሮ ተማሪውን ማስከፈል

ነሐሴ ሲጋመስ ፎገራ ሜዳ ላይ ውኃ ይተኛል። ርብና ጉማራ ሞልተው ሩዙ ይዋኛል፤ የገበሬው ኪስ ግን ደረቅ ነው፤ አጨዳው ገና ከኅዳር ወዲያ ነውና። የተማሪ ምዝገባ የሚመጣው ልክ በዚህ የብር ድርቅ ሰሞን ነው። ከምዝገባው ጋር መዋጮው አብሮ ይመጣል፤ ለወንበር፣ ለአጥር፣ ለጥበቃ ደመወዝ። የማዕረግ ስሙ “የሕዝብ ተሳትፎ” ነው። ወረታ ላይ በዋናው አስፋልት ዳር ሱቅ የሚያከራየው ባለፎቅም፣ መፈልፈያ ቤት ደጃፍ ሩዝ ስታበጥር የምትውለው እናትም እኩል አምጡ ይባላሉ።

ይህ ግብር ነው፤ ያውም ከግብር ሁሉ የከፋው። አዋጅ የለውም፣ ጣሪያ የለውም፣ አቅም የሌለውን ለይቶ የሚተው አንቀጽ የለውም። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል በነጻ ይሁን ያለውን ትምህርት በጓሮ በር የሚያስከፍል ነው።

የንብረት ታክስ አዋጅ ቁጥር 1365/2017 በጥር 2017 ዓ.ም. ሲጸድቅ ጩኸቱ ሁሉ ቤት ላይ ነበር። ጡረተኛው በአንድ ቤቱ ምን ያህል ይከፍላል? መሐል ከተማ ቤት የወረሰ ድሃስ? ተገቢ ጥያቄ ነው። ስህተቱ ግን “የቤት ግብር ባነሰ ቁጥር ድሃው ይጠቀማል” የሚለው የተለመደ እምነት ነው። ከቤት ያልተሰበሰበው ብር ትምህርት ቤቱን ከጎደለው፣ ጉድለቱ ዞሮ በመዋጮ የሚመጣው ቤት የሌለው ተከራይ ላይ ነው።

የግብር ምሕረት ለኛ አዲስ አይደለም። በ1937 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ መሬትን ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ ብሎ በጋሻ ሲተምን፣ ጎጃምን፣ ትግሬንና ፎገራ ያለበትን በጌምድርን ለይቶ በ1927ቱ ግብራቸው እንዲቀጥሉ ተወ። በ1940 የትምህርት ግብር በመሬት ላይ ሲጨመር ግን ቢያንስ ስሙ ግልጽ ነበር፤ ከፋዩ ለምን እንደሚከፍል ያውቅ ነበር። የደርጉ አዋጅ ቁጥር 80/1968 ደግሞ ዓመታዊ የኪራይ ግምቱ ከ300 ብር በታች የሆነ መኖሪያ ቤት ከግብር ነጻ ይሁን አለ። በጎ ሐሳብ ነበር። ግን 300 ብር ዛሬ ምን ይከራያል? የወር አይደለም፣ የዓመት! ቁጥሩ ባለበት ቆሞ ብሩ ሟሟ፤ ድሃው ቤቱ ሳይለወጥ፣ ኑሮው ሳይሻሻል ከምሕረቱ ወጣ።

ቴክሳስን እንመልከት። እዚያ ትምህርት ቤት የሚኖረው በአብዛኛው ከንብረት ግብር ነው። ሰው ከሚኖርበት ቤት ግምት ላይ ለትምህርት ቤት ግብር የሚቀነሰው በ2015 እ.ኤ.አ. 25 ሺህ ዶላር ነበር፤ በ2022 40 ሺህ፣ በ2023 100 ሺህ፣ በ2025 ደግሞ 140 ሺህ ደረሰ። የቤቱ የግብር ግምትም በዓመት ከ10 በመቶ በላይ አይጨምርም። ቁም ነገሩ ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው፤ በምሕረቱ ትምህርት ቤቱ ያጣውን ገንዘብ የግዛቱ መንግሥት ይተካል። ያም ቢሆን እንከን የለሽ አይደለም፤ ምሕረቱ ለባለቤት እንጂ ለተከራይ አይደርስም። ቢሆንም ሒሳቡ ወረቀት ላይ ያለ፣ ሕዝብ ድምፅ የሚሰጥበት ነው።

እኛ ዘንድ ግን ከወረዳው የትምህርት በጀት ከደመወዝ የሚተርፈው እዚህ ግባ አይባልም፤ ርእሰ መምህሩ ጠመኔና ወንበር የሚገዛበት ሲያጣ ወላጅን ቢለምን አይፈረድበትም። የሚፈረድበት ልመናውን ሥርዓት ያደረገው ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ለክልሉና ለወረታ ከተማ ምክር ቤት ነው። አንድ ቤት ብቻ ያለው ነዋሪ ከግብሩ ይማር፤ የምሕረቱ ልክ ግን ከዋጋ ንረቱ ጋር በየዓመቱ ይታይ። ከሚሰበሰበው የንብረት ታክስ ለትምህርት ቤት የሚደርሰው ድርሻም በመቶኛ ይጻፍ። ያ እስኪሆን ድረስ በምዝገባ ጠረጴዛ ላይ መዋጮ መጠየቅ ይቁም።