ሴንሰሩ ምስክር ነው፤ ከመቅጣት በፊት ይጠየቅ

ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫዋ የሞተር ምልክት በራች። ሹፌሩ ሁለት ቀን እንዳላየ አለፋት። በሦስተኛው ቀን ቤንዚኑ ከወትሮው ቀድሞ ሲያልቅበት መኪናውን ጋራዥ አስገባ። መካኒኩ መመርመሪያውን ከመሪው ስር ሰካ፣ ኮዱን አነበበ፣ ወዲያው ፈረደ፦ «ወንድሜ፣ ኦክስጅን ሴንሰሩ ሞቷል። ይቀየር።» ሹፌሩ ሶማሌ ተራ ወርዶ ያገለገለ ሴንሰር ገዝቶ መጣ። ተገጠመ፣ ኮዱ ተሰረዘ፣ መብራቷም ጠፋች። ከሳምንት በኋላ ተመልሳ በራች።

ስሙንና የመኪናውን ዓይነት መቀየር ብቻ ነው፤ ይህ ታሪክ አዲስ አበባ ውስጥ በየጋራዡ ደጃፍ ይሰማል። ገንዘቡ ወጥቷል፣ ብልሽቱ ግን እዚያው አለ። ለምን?

መልሱ ሴንሰሩ ምን እንደሚሠራ ከመርሳት ይጀምራል። ኦክስጅን ሴንሰር ጭስ ማውጫው ላይ ተተክሎ፣ ከቃጠሎ የተረፈውን ኦክስጅን ለኮምፒውተሩ የሚናገር ዕቃ ነው። ቦሽ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ1976 መጀመሪያ የተገጠመው ቮልቮ ላይ ነበር። አንድ ኪሎ ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። በጭሱ ውስጥ ኦክስጅን ከበዛ ሴንሰሩ «ቤንዚን አንሷል» ይላል፤ ኮምፒውተሩም ይጨምራል። ኦክስጅን ከጠፋ «ቤንዚን በዝቷል» ይላል፤ ኮምፒውተሩም ይቀንሳል። ሴንሰሩ ያየውን የሚናገር ምስክር ነው።

አሁን ወደ ሹፌሩ መኪና እንመለስ። የወጣው ኮድ ፒ0171 ነው እንበል። ትርጉሙ «ቤንዚኑ ለአየሩ አንሷል» ነው። «ሴንሰሩ ተበላሽቷል» የሚል ቃል በውስጡ የለም። የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ፣ የደከመ የቤንዚን ፓምፕ፣ የቆሸሸ የአየር መለኪያ ይህንኑ ኮድ ያወጣሉ። ከሁሉ የሚያሳስተው ደግሞ ከሴንሰሩ በፊት ያለ የጭስ ማውጫ ቀዳዳ ነው። ጭስ የሚወጣው በምት በምት ስለሆነ፣ በምቶቹ መካከል የተቃጠለው ጓርኒሲዮን የውጭ አየር ይስባል። ሴንሰሩ ያንን ኦክስጅን አይቶ በሐቀኝነት ይናገራል፤ ኮምፒውተሩ ያለ አግባብ ቤንዚን ይጨምራል፤ ሹፌሩ ማደያ ይመላለሳል። አዲስ ሴንሰር ቢገጠምም የሚያየው ያንኑ አየር ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው።

ትክክለኛው ምርመራ ያን ያህል ከባድ አይደለም። መጀመሪያ ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ተነስቶ ጭስ ማውጫው ይደመጣል፤ ቀዳዳ ካለ «ጠክ ጠክ» ይላል። ቀጥሎ የሴንሰሩ ሽቦ፣ ሶኬትና ፊውዝ ይታያል። ኮዱ ፒ0135 ከሆነ ጥርጣሬው ሴንሰሩን በሚያሞቀው መስመር ላይ ነው፤ እዚያም ቢሆን ቴስተር ይቅደም። ከዚያ ሞተሩ ሲሞቅ የሴንሰሩ ቮልት ይነበባል። ጤነኛ የሆነ የተለመደው ዓይነት ሴንሰር ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት እየወጣ እየወረደ ይዋዥቃል። ቤንዚን ሲጨመርበት ወደ ላይ፣ የአየር ቱቦ ሲከፈትበት ወደ ታች በፍጥነት ከመለሰ በሕይወት አለ። ካልተንቀሳቀሰ ወይም መልሱ ከዘገየ ያኔ ይቀየር። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ብዙ አዳዲስ ቶዮታዎች ከፊት የሚገጥሙት ሌላ ዓይነት ሴንሰር ነው፤ በዚህ ቁጥር አይለካም። የመኪናውን ሞዴል ሳያዩ መፍረድም ሌላ ስህተት ነው።

ጥፋቱን ሁሉ መካኒኩ ላይ መጫን ግን ፍትሐዊ አይደለም። ባለመኪናው ለተቀየረ ዕቃ ሳያቅማማ ይከፍላል፤ «መርምሬ ችግሩ ሦስት ብር የማትሞላ ቱቦ ናት አልኩህ፣ የምርመራዬን ክፈል» ሲባል ግን ይቆጣል። ለጭንቅላት የማይከፈልበት ገበያ ጭንቅላት አያመርትም። መካኒኩም ከሚያስከፍለው መንገድ ሄደ።

ጉዳዩ የአንድ ኪስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ መኪናዎች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ሁሉ ዋጋው በዶላር ይወሰናል። «ኤሌክትሪክ እየመጣ ነው፣ ይህ ጭንቀት ያልፋል» የሚሉ አሉ። ኤሌክትሪክ መኪና ጭስ ማውጫም ኦክስጅን ሴንሰርም የለውም፤ እውነት ነው። ግን ዛሬ መንገድ ላይ ያሉት ቪትዝና ኮሮላዎች ተተኪ ስለሌላቸው ገና ብዙ ዓመት ይሠራሉ። ኤሌክትሪኩም ቢሆን ኮድ ያወጣል፤ ኮድ አይቶ ዕቃ የመቀየር ልማድ ለውድ ባትሪ ሲደርስ ኪሳራው የከፋ ይሆናል።

ሌላው ዕዳ የሚከፈለው በሳንባ ነው። ቤንዚን በዝቶበት የሚሄድ መኪና ያልተቃጠለ ነዳጅና ካርቦን ሞኖክሳይድ ይተፋል፤ ጭሱን የሚያጣራውን ካታሊቲክ ኮንቨርተርም ያቃጥላል። ያኔ አንዳንዱ «ውስጡን አውጥተን እንጣለው» ይላል። መኪናው ይሄዳል፤ ጭሱን የሚስበው ግን ታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመ ተማሪ ነው።

ስለዚህ የቦሎ ምርመራ ቢጫዋን መብራት በቁም ነገር ይጠይቅ። የሙያ ማሰልጠኛዎች ከመፍታትና ከመግጠም እኩል መለካትን ያስተምሩ። ባለመኪናው ደግሞ ሶማሌ ተራ ከመውረዱ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፦ «የለካህበትን ቁጥር አሳየኝ።» ቁጥሩን ላሳየው መካኒክ የምርመራውን ዋጋ ሳይከራከር ይክፈል። ቁጥር የሌለው ፍርድ ግምት ነው፤ በግምት የሚከፍለው ሁልጊዜ ባለመኪናው ነው።