ቦሮው ወይስ ሌንድ?

አንድ ቀን ጧት ከጎበዞቹ ተማሪዎቼ አንዱ ቀርቦ በእንግሊዝኛ «ቲቸር፥ ፕሊስ ቦሮው ሚ ዩር ዲክሽነሪ» አለኝ። መጽሐፉን ሰጠሁት፤ ሳላርመው ግን አልለቀቅሁትም። «ያውሱኝ» ለማለት ፈልጎ «ይዋሱኝ» እንደ ማለት ያለ ነገር ተናግሯልና።

ስሕተቱ የመጣው ከገዛ ቋንቋችን ነው። በአማርኛ ሰጪውም ተቀባዩም ከአንድ ግሥ ይወጣሉ፤ አዋሰ፥ ተዋሰ፤ አበደረ፥ ተበደረ። የአንዲት ፊደል ለውጥ ይበቃናል። እንግሊዞች ግን ለሁለቱ የማይዛመዱ ሁለት ቃላት አሏቸው። የሰጪው ሥራ «ሌንድ»፥ የተቀባዩ «ቦሮው» ነው። «ቦሮው» የወጣው «ቦርግ» ከሚባል የጥንት እንግሊዝኛ ቃል ሲሆን ትርጓሜው መያዣ ወይም ዋስትና ነበር። ዋስ ጥራ የሚባለው ማን ነው? ተቀባዩ አይደለምን? እንግዲህ ይህን ያሰበ ሰው ሁለቱን አያምታታም።

በክፍል ውስጥ ሲሆን ስሕተቱ ያስቃል፤ በቢሮ ግን ሌላ ነው። አንድ ጸሐፊ ወዳጄ ለእንግሊዛዊ አለቃው በጻፈው ማመልከቻ «60 ብር ለመሥሪያ ቤቱ ላበድር እፈልጋለሁ» የሚል ትርጉም ያለው ቃል አስገባ። አለቃው ስለ ቸርነቱ አመስግኖ ወረቀቱን መለሰለት። ቀልዱ ለአለቃው ነበር፤ የቤት ኪራይ ቀን ለደረሰበት ወዳጄ ግን አልነበረም። አዲስ ማመልከቻ ጽፎ እስኪፈረምለት ድረስ ከአከራዩ ተደብቆ ሰነበተ።

ሆኖም በዚህ ነገር እንግሊዝኛ በሁሉ ይበልጠናል ማለት አይደለም። እኛ ብዕርና በቅሎ እንዋሳለን፤ ያንኑ ብዕር፥ ያችኑ በቅሎ እንመልሳለንና። ገንዘብና ጤፍ ግን እንበደራለን፤ የወሰድነው አልቆ በልኩ ሌላ እንከፍላለን። እንግሊዞች ለብዕሩም ለገንዘቡም «ቦሮው» ብለው ያልፋሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሁለቱን በተለያየ ክፍል ስለሚያያቸው፥ የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ለውሰቱ «ለመገልገያ የሚሆን ብድር» የሚል ተጨማሪ ቃል ማስገባት ግድ ሆኖበታል። እኛ በአንድ ቃል የጨረስነውን!

በእንግሊዝኛ ስትጽፉ ግን ቀጥሎ የሚመጣውንም ቃል ተመልከቱ። «ቦሮው» «ፍሮም»ን ይወዳል፤ «ሌንድ» «ቱ»ን። ከአለቃ ገንዘብ የሚለምን ሰው «ኩድ ዩ ሌንድ ሚ» ብሎ ቢጀምር ደብዳቤው አይመለስበትም፤ ገንዘቡን ማግኘቱ ግን የሰዋስው ጉዳይ አይደለም።