ክዳን የሌለው ቦይ ባለቤት አለው

በክረምት ደሴ ላይ ዝናቡ ሲወርድ ጎርፉ ከጦሳ ተራራ ግርጌ እየጋለበ ወደ ቦርከና ወንዝ ይወርዳል። የመንገድ ዳሩ ቦይ ሲሞላ አስፋልቱና ቦዩ አይለዩም። ክዳኑ የቱ ጋ እንደተነሣ የሚያውቀው የሰፈሩ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ አንዱ ሊስትሮ ወይም ባለሱቅ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጦ ይተክልበታል፤ አሮጌ ጎማ ይጨምርበታል። «እማማ፣ በወዲያ በኩል ይለፉ!» እያለ የሚጮኸውም እሱ ነው። ደመወዝ የማይከፈለው የመንገድ ደኅንነት ሠራተኛ ማለት ይኸው ነው።

የወደቀው ሰው ግን የሚያወራው ስለ መትረፉ ነው። አንዱ «አላህ አወጣኝ»፣ ሌላው «እግዜር አተረፈኝ» ይልና ወደ ወጌሻ ያነክሳል። ክዳኑን ማን ከፍቶ እንደተወው መጠየቅ ትዝ አይለውም፤ መክሰስማ ጨርሶ አይታሰብም።

ሕጉ ግን አስቦበታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው ካሳ ይክፈል ይላል። ጥፋት ደግሞ በማድረግ ብቻ ሳይሆን ባለማድረግም ይፈጸማል፤ ቆፍሮ ጥሎ መሄድም ሆነ ከፍቶ አለመክደን እዚሁ ውስጥ ይገባል። በቁጥር 2126 መሠረት ጥፋቱ የመንግሥት ሠራተኛ የሥራ ጥፋት ከሆነ ተጎጂው ካሳውን ከመንግሥት መጠየቅ ይችላል። መንግሥት በበኩሉ ዞሮ ሠራተኛውን ሊጠይቅ ይችላል።

ቁጥር 2069 ከዚህም የጠበቀ ነው። የመሬትን አቀማመጥ በመለወጥ ሌላውን ላልተለመደ አደጋ ያጋለጠ ሰው፣ አደጋው ከደረሰ ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል፤ «ፈቃድ ነበረኝ» ማለትም አያድነውም። ይኸው ቁጥር ፍርድ ቤት ውስጥ ስሙ የሚነሣው ይበልጡን በኤሌክትሪክ መስመር አደጋ ነው። ለኮሪደር ልማት ተብሎ እግረኛ በሚያልፍበት ጥግ የተቆፈረ ጥልቅ ጉድጓድ ለምን ከዚህ እንደሚወጣ አይገባም። የደሴ ጠበቆች ቢሞክሩት ምን አለ?

ጭንቁ ማስረጃው ላይ ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ላይ፣ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ፈረቃዋን ጨርሳ ሲመሽ ወደ ቤቷ የምትሄድ ሠራተኛ ጉድጓድ ገብታ እግሯ ተሰበረ እንበል። ማንን ትክሰስ? ውኃን? ቴሌን? መብራትን? ኮንትራክተሩን? ከተማ አስተዳደሩን? አንዱ በሌላው ያሳብባል፤ የማስረዳቱ ሸክም ደግሞ የእሷ ነው። «ፊቷን አይታ አትሄድም?» የሚለው መከላከያ ተቀባይነት ካገኘ ካሳዋ ይቀነሳል። ለሕክምና ያወጣችውና የቀረባት ደመወዝ በማስረጃ ልክ ይታሰብላታል፤ ለሞራል ጉዳቷ ግን ሕጉ ያስቀመጠው ጣሪያ 1,000 ብር ነው። የ1952ቱ ሺህ ብር ዛሬ ምን እንደሚገዛ ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቃል። ይህ ጣሪያ መነሣት አለበት።

በማስረጃው ነገር ኒውዮርክ የሚያስቅም የሚያስተምርም ታሪክ አላት። እ.ኤ.አ. በ1979 ከተማዋ «ስለ ጉድጓዱ አስቀድሞ በጽሑፍ ካልተነገረኝ አልከፍልም» የሚል ሕግ አወጣች። የካሳ ጠበቆች ምን አደረጉ? በ1982 ድርጅት አቋቋሙ፤ ሰው ቀጥረው የተሰነጠቀውንና የተቦረቦረውን የእግረኛ መንገድ ሁሉ በካርታ ላይ እያመለከቱ ለከተማዋ አስረከቡ። በጽሑፍ ተነገራት! በ2003 ደግሞ የእግረኛ መንገዱ ኃላፊነት፣ ከትንንሽ መኖሪያ ቤቶች በቀር፣ በአጠገቡ ወዳለው ሕንፃ ባለቤት ዞረ።

ደሴና ኮምቦልቻ ያን ያህል ጣጣ አያስፈልጋቸውም። ቆፋሪው ሁሉ ስሙን፣ ስልኩንና የሚደፍንበትን ቀን የጻፈበት ሰሌዳ ጉድጓዱ አጠገብ እንዲያቆም ማስገደድ፣ ቀበሌም የክፍት ቦይ ጥቆማ መቀበያ መዝገብ እንዲይዝ ማድረግ ይበቃል። ሰሌዳው ካለ ተጎጂዋ ማንን እንደምትከስ ታውቃለች፤ መዝገቡ ካለ «አላወቅንም» የሚባል ነገር አይኖርም።

እስከዚያው አንባቢ ሆይ፣ በሰፈርዎ ክፍት ቦይ ካለ ለከተማ አስተዳደሩ በደብዳቤ ያመልክቱ፤ ግልባጩ ላይ ማኅተም ሳያስመቱ አይውጡ። የወደቀ ሰው ካለ ጉድጓዱን ሳይደፈን ፎቶ ያንሡለት፣ የምስክሮችን ስም ይያዙ፣ የሐኪም ወረቀቱንም እንዳይጥል ይንገሩት። ክሱ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ጊዜው መቆጠር የሚጀምረውም ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ነው።